የራስህን ያዝ

ጡረታ በወጣሁ ሰሞን ሆሳዕና መናኸሪያ አጠገብ ካለ የመብራት ምሰሶ ላይ አንድ ማስታወቂያ ተለጥፎ አየሁ። «ራስዎን ይከላከሉ! ጩቤ የያዘን ሰው በባዶ እጅ መጣልን በአጭር ጊዜ እናሠለጥናለን» ይላል። ከጽሑፉ በታች ነጭ ልብስ የለበሰ ጎረምሳ አንድ እግሩን ከጆሮው በላይ አንስቶ ቆሟል። መነጽሬን አስተካክዬ ደግሜ አነበብኩት፤ ደሜ ፈላ። ወረቀቱን ገንጥዬ ጭምድድ አድርጌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። አጠገቤ አቮካዶ ዘርግታ የተቀመጠች ሴት ደንግጣ፣ «ምነው ሲስተር፣ ወረቀቱ ምን አደረገዎት?» አለችኝ።

«እኔን ምንም አላደረገኝም» አልኳት። «ይሄን አምኖ ጩቤ ፊት የሚቆመውን ልጅ ግን ስሰፋ የኖርኩት እኔ ነኝ።»

ሴትዮዋ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። ቤቴ ገብቼም ንዴቱ አልበርድ ስላለኝ ይሄን ጽሑፍ ጀመርኩ።

ስሜ ማርታ ነው፤ በዚህ አገር ግን ሲስተር ማርታ ካልተባለ የሚያውቀኝ የለም። የተወለድኩት አንጋጫ፣ ከካቶሊክ ቤተሰብ ነው። አባቴ አስተማሪ ነበር፤ እኔንም አስተማሪ ሊያደርገኝ ፈልጎ ነበር፣ እምቢ ብዬ ነርስ ሆንኩ። ከምባትኛ የእናቴ ቋንቋ ነው፣ ሀዲይኛን ሥራ አስተማረኝ፣ አማርኛ ደግሞ የቢሮና የቁጣ ቋንቋዬ ነው። የሥራ ጓደኞቼ ጡረታ ሲወጡ ስላዋለዷቸው ልጆች ያወራሉ። ለእኔ የደረሰኝ ጠብ ነው። በሄድኩበት ሁሉ ተደባድቦ የመጣ ሰው ወደ እኔ ይላካል። ስለዚህ ስለ ድብድብ አውቃለሁ ብል የሚከለክለኝ ያለ አይመስለኝም። የማውቀው ግን ከመቺው በኩል ሳይሆን ከተመቺው በኩል ነው፤ ፊልም ደግሞ ይሄኛውን ወገን አያሳይም።

መጀመሪያ የተመደብኩት ጊምቢቹ ጤና ጣቢያ ነበር። ደርግ ወድቆ አዲሱ መንግሥት ክልል፣ ዞን፣ ወረዳ እያለ በሚደራጅበት ዘመን ነው። ማኅተሙም አለቃውም ቶሎ ቶሎ ይለዋወጥ ነበር፤ ደመወዝም ሲመጣ ይመጣል፣ ሳይመጣ ሲቀር ይቀራል። ስለሱ ብዙ አላወራም። የማወራው ስለ ጋሽ ሹሜቦ ነው።

ጋሽ ሹሜቦ የጤና ጣቢያው ድሬሰር ነበሩ፤ ቁስል ማጠብና መስፋት ሥራቸው ነው። ወጣትነታቸውን በጦር ሠራዊት ሕክምና ውስጥ አሳልፈው የመጡ፣ ቀጭን፣ ቁጡ፣ የጋዋናቸውን እጅጌ እስከ ክርን ሰብስበው በፋሻ ቁራጭ የሚያስሩ ሰው ናቸው። የተደበደበ ሰው ሲገባ ዘመድ ጎረቤቱ ግር ብሎ ይከተላል፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ያወራል። ጋሽ ሹሜቦ የሚያወራውን ሁሉ አስወጥተው ጥግ ላይ ዝም ብሎ የቆመውን ብቻ ያስቀራሉ። «ይሄ ነው ያየው» ይሉኛል። ከዚያ ጎዝ ሰጥተው «እዚህ ጋ ተጫኚ» ይሉኝና እሳቸው የሰውየውን እጅ ይይዛሉ። መዳፉን ይገልጣሉ፣ ክንዱን ያገላብጣሉ፣ ጥፍሩን ሳይቀር ያያሉ።

«ጋሼ፣ የተፈነከተው እኮ ጭንቅላቱ ነው» አልኳቸው አንድ ቀን።

«ጭንቅላቱን አንቺ ይዘሽዋል፣ የትም አይሄድም» አሉኝ። «ዱላ የመጣበት ሰው እጁን ያነሳል፤ ክንዱ ይበልዛል። ቢላ የመጣበት ሰው ቢላውን ሊይዝ ይሞክራል፤ መዳፉ ይቆረጣል። እጁ ላይ ምንም ከሌለ፣ ወይ ከኋላው መጥተውበታል፣ ወይ ተኝቶ ነበር፣ ወይ ደግሞ እጁን ይዘውታል። እጁን አይተሽ ስትጨርሺ ወሬውን ትሰሚያለሽ።»

ማደንዘዣ ባልነበረበት ጊዜ ሲሰፉ ሰውየውን ስለ ከብቶቹ ይጠይቁታል። የላሟን ስም፣ የበሬውን ጠባይ፣ ጥጃዋ መቼ እንደተወለደች። ሰውየው እየተንሰቀሰቀ ይመልሳል። መርፌው ሲገባ የበሬው ስም በጩኸት ይወጣል። ከደጅ የቆሙት ዘመዶች አብዷል ብለው ያለቅሳሉ። እኛ ውስጥ ሆነን ሳቃችንን እንውጣለን፤ ይህም የሥራው አካል ነበር።

አንድ ገበሬ የቀኝ እጁ እንደ ድንች አብጦ መጣ። በጣቱ መገጣጠሚያ ላይ ትንሽ ቁስል አለች፤ ስትታይ ምንም አትመስልም። ቆርቆሮ ነው የቆረጠኝ አለ። ጋሽ ሹሜቦ እጁን ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው አሸተቱት።

«ማንን ነው የመታኸው?»

«ኧረ ማንንም አልመታሁም። ቆርቆሮ ነው።»

«ቆርቆሮው ጥርስ አለው?»

ሰውየው አንገቱን ደፋ። ጎረቤቱን አፉን በቡጢ ብሎት ነው። የሰው አፍ ውስጥ ያለው ቆሻሻ የጣት መገጣጠሚያ ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚሠራ ያን ጊዜ ነው ያየሁት፤ ጣቱ ተቆረጠ። ጎረቤቱ ደግሞ በሳምንቱ ከንፈሩ ድኖ ገበያ ይዞር ነበር። ቦክሰኛ እጁን ጠቅልሎ፣ ጓንት አጥልቆ፣ ተጋጣሚው ጥርሱን በላስቲክ ሸፍኖለት ነው የሚማታው። ቴሌቪዥን ላይ ይሄን የሚያይ ሁሉ ግን ቡጢ ከብረት የተሠራ ይመስለዋል፤ ባዶ ቡጢ መጀመሪያ የሚጎዳው ራሱን ባለቤቱን ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ ያንገበገበኝን ነገርም መጀመሪያ ያየሁት እዚያው ጊምቢቹ ገበያ ላይ ነው። ሁለት ሰዎች በድንበር ተጣልተው ዱላ ተማዘዙ። ወዲያው ከሰዉ መሃል አንዱ «የራስህን ያዝ! የራስህን ያዝ!» እያለ ጮኸ። ልማዱ ይሄ ነው። ጠብ ሲነሳ ገላጋይ ሁሉ የየራሱን ዘመድ ይይዛል። የሌላውን ሰው እጅ መያዝ ነውር ነው፤ «ይዘው አስደበደቡኝ» ያሰኛል፣ በሁለት ሰው የተጀመረው ጠብ ወደ ሁለት ቤተሰብ ይዞራል። ስለዚህ ጨዋ የሆነ ሰው ወንድሙን፣ አጎቱን፣ ጓደኛውን ጨምድዶ ወደ ኋላ ይጎትታል። ተቃራኒውን ደግሞ የሱ ወገን ይይዘዋል ተብሎ ይታመናል። ሐሳቡ መልካም ነው፤ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ከተያዙ ማለት ነው። ያን ቀን አንደኛው ቀድሞ ተያዘ። ወንድሞቹ ሁለት እጁን ቆልፈው ሲጎትቱት ሌላኛው ያለከልካይ ዱላውን አናቱ ላይ አሳረፈበት።

ጋሽ ሹሜቦ ያን ሰው ሲሰፉ አንድም ከብት አልጠየቁትም። ክንዱን ገልብጠው አዩት፤ ንጹሕ ነው። «ይሄ ጨዋነት ስንት ሰው አሰፋኝ መሰለሽ» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ውድድር ላይ የሚገላግለው አንድ ዳኛ ነው፤ ለማንም ዘመድ አይደለም፤ ሁለቱንም ገፍቶ ያራርቃል። መንገድ ላይ ግን ሃያ ገላጋይ አለ፣ ሃያውም ዘመድ ነው።

ከጊምቢቹ አዲሎ ተዛወርኩ። አዲሎ መንገድ ዳር ያለች ከተማ ናት፤ መኪና ይቆማል፣ ሰው ይወርዳል፣ ሰው ይሳፈራል፣ በመሃል ጠብ ይነሳል። ያን ጊዜ ቪዲዮ ቤት የሚባል ነገር ገብቶ ነበር። ጎረምሳው ሁሉ ጨለማ ክፍል ውስጥ ታጭቆ ሲራገጡ የሚውሉ ሰዎችን ያያል፣ ወጥቶ ደግሞ አጥር ይራገጣል። ፊልሙ ላይ ያለው ጀግና ወንበር ጭንቅላቱ ላይ ተሰብሮ ከንፈሩን ብቻ ጠርጎ ይነሳል። እኔ ግን አንድ ጫኝና አውራጅ በጥፊ ተመትቶ ወደ ኋላው ሲወድቅ ማጅራቱ የድልድይ ጠርዝ ያገኘውን ነው የማስታውሰው። በእግሩ እየሄደ መጣ። ከእኔ ጋር ቀለደ፣ ውኃ ጠጣ፣ «ትንሽ ልጋደም» አለኝ። ይዘነው ወደ ሆስፒታል ለመሄድ መኪና እስክንለምን መንቃት አቃተው፣ መንገድ ላይ አለፈ። የመታው ሰውዬ ፖሊስ ጣቢያ ቁጭ ብሎ «በጥፊ ሰው ይሞታል እንዴ?» እያለ ያገኘውን ሁሉ ይጠይቅ ነበር። ይሞታል። የሚገድለው ጥፊው አይደለም፣ መሬቱ ነው። የቦክስ ሜዳ ወለሉ ፍራሽ ነገር ነው፣ ሐኪምም አጠገቡ ተቀምጧል፤ የአዲሎ አስፋልት ግን አስፋልት ነው።

ቀጥሎ ዱራሜ ሄጄ ጥቂት ዓመት እናቶች ክፍል ሠራሁ። አለቃዬ ደግ ሴት ነበረች፤ በቁጣዬ እየሳቀች «አንቺ ማርታ፣ ሕፃናቱን እንዳታስደነግጪብኝ» ትለኛለች። ከጠብ ያረፍኩበት ዘመን እሱ ብቻ ነው። ከዚያ ሚሊኒየሙ አካባቢ ሆሳዕና ተመደብኩ፣ ድንገተኛ ክፍል፤ ጡረታ እስክወጣም ከዚያ አልተንቀሳቀስኩም።

ኤርሚያስን ያወቅኩት እዚያ ነው። የቴኳንዶ አስተማሪ ነበር፤ ከተማው ግን ቴኳንዶውንም ሌላውንም ሁሉንም «ካራቴ» ነው የሚለው። ቁርጭምጭሚታቸው የዞረ ተማሪዎቹን ደግፎ ያመጣና ተራ ይጠብቃል፤ እንደ ሌላው ደረቱን ነፍቶ አይገፋም። አባታቸው ቀደም ብለው ስለሞቱ ያሳደገው ታላቅ ወንድሙ ተስፋዬ ነው። ተስፋዬ ትምህርቱን አቋርጦ ልብስ ሰፊ ሆኖ ኤርሚያስን አስተምሮታል። ወንድምም አባትም ነው ማለት ይቻላል።

አንድ ቅዳሜ ተማሪዎቹን ሲያሠለጥን ሄጄ አየሁ። ልጆቹ ሲገቡ አጎንብሰው እጅ ይነሳሉ። ደረታቸው ላይ መከላከያ ያስራሉ። የአንዷ ልጅ አፍንጫ ሲነስራት ሁሉም ነገር ቆመ፤ የመታት ልጅ ራሱ ሮጦ ውኃ አመጣላት። እኔ በሥራ ዘመኔ መቺው ለተመቺው ውኃ ሲያመጣ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

«ይሄ ነገር መንገድ ላይ ይሠራል?» ብዬ ጠየቅኩት።

«ሲስተር፣ እዚህ እኮ ዳኛ አለ፣ ሰዓት አለ» አለኝ። «የወደቀ ሰው ላይ አልወጣበትም፣ እሱም ድንጋይ አያነሳብኝም። የምንመታበት ቦታ እንኳ የተፈቀደ ነው። መንገድ ላይ ይሄ ሁሉ የለም። ለልጆቹ ሩጡ ነው የምላቸው። ሩጫ ደግሞ ቀበቶ ስለማያሸልም አይወዱትም።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደድኩት። የሚያስተምረውን ነገር ልክ የሚያውቅ ሰው ነበር።

አሁን ወደ ጠቡ ልምጣ። ያየልኝ አቶ ከድር ነው፤ መናኸሪያው ፊት ለፊት ሱቅ ያለው የጉራጌ ሰው፣ የረጅም ጊዜ ደንበኛዬ። የገበያ ቀን ነው። ኤርሚያስ የልምምድ ልብሱን በቦርሳ አንግቶ ከሱቁ ፊት ሲያልፍ ታምራት የሚባል የሚኒባስ ረዳት ይለክፈዋል። «ካራቴ! ና እስቲ ጣለኝ!» ኤርሚያስ ዝም ብሎ አለፈ። ረዳቱ ተከትሎ ቦርሳውን ጎተተው። አሁንም አለፈ። ሦስተኛው ላይ ማጅራቱን በጥፊ አለው። ኤርሚያስ ዞሮ ደረቱን አንድ ጊዜ በእግሩ መታው፤ ታምራት በጀርባው ተዘረረ።

አቶ ከድር ያለኝን ልንገራችሁ። «ሲስተር፣ ከጣለው በኋላ ምን አደረገ መሰለሽ? ወደ ኋላ ተመለሰና እጁን አዘጋጅቶ ቆመ። ዳኛ የሚጠብቅ ነው የሚመስለው። ሌላ ሰው ቢሆን ወይ ይረግጠው ነበር፣ ወይ ይሮጥ ነበር።»

ልጆቹን ሩጡ የሚል ሰው ራሱ አልሮጠም። ሰውነቱ የሠለጠነው እንዲያ ነዋ! ስንት ዓመት ሙሉ፣ ሰው ሲወድቅ ወደ ኋላ ተመልሶ ቆሟል። ታምራት ግን ሲነሣ በእጁ ሴንጢ ይዟል፤ መኪና ጣራ ላይ የዕቃ ገመድ የሚቆርጥበት ሴንጢ። ይሄኔ ሰዉ «የራስህን ያዝ!» ብሎ ጮኸ። ተስፋዬ ከልብስ መስፊያው እየሮጠ ደርሶ የወንድሙን ቀኝ እጅ በሁለት እጁ አንጓው ላይ ጨምድዶ ወደ ራሱ ጎተተው። «ተው! ተው ወንድሜ!» እያለ። ታምራት የመጣው ከሌላ አገር ነው፤ እዚያ ገበያ ውስጥ አንድም ዘመድ የለውም። ስለዚህ እሱን የያዘው ሰው የለም። ያ ሁሉ ሕዝብ ቆሞ፣ ባዶ እጁን የቆመው ተያዘ፣ ሴንጢ የያዘው ተለቀቀ።

ኤርሚያስን ተሸክሞ ያመጣው ራሱ ተስፋዬ ነው። ሸሚዙ እስከ ወገቡ በደም ርሷል። የተወጋው ቀኝ ብብቱ ውስጥ ነው፤ ደሙ በልብ ምት ልክ ይፈናጠራል። ጎዝ ጠቅልዬ ከነጡጫዬ ብብቱ ውስጥ ከተትኩና በሙሉ ክብደቴ ተጫንኩት። ሐኪሙ ሲሯሯጥ፣ ግሉኮስ ሲሰቀል፣ እኔ ከዚያ ቦታ አልተነሣሁም፤ ብነሣ ያልቅ ነበር። እንደዚያው ተጭኜ እያለሁ ዓይኔ ወደ እጁ ሄደ። ሁለቱም መዳፎቹ ንጹሕ ናቸው። ክንዱ ላይ ጭረት የለም። ቀኝ አንጓው ላይ ግን የሰው ጣቶች ቀልተው ይታያሉ።

ብብት እኮ የተደበቀ ቦታ ነው። የሚደባደብ ሰው ክርኑን ጎኑ ላይ ለጥፎ ነው የሚቆመው፤ ኤርሚያስ ደግሞ ይሄን ለልጆች የሚያስተምር ሰው ነው። ብብት የሚከፈተው ክንድ ሲዘረጋ ነው። ክንዱን ማን እንደዘረጋው ጣቶቹ ይናገራሉ።

ተስፋዬ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል፣ ያለቅሳል፣ ደግሞ ያመሰግናል። «ሲስተር፣ እኔ ባልይዘው ኖሮ ያን ልጅ ይገድለው ነበር! እስር ቤት ይገባብኝ ነበር! እንኳን ደረስኩለት!» ይለኛል። ምን ልበለው? ጡጫዬ የወንድሙ ብብት ውስጥ ነው።

አምቡላንስ ተገኝቶ በሪፈር አዲስ አበባ ሄደ። የደም ሥሩ ተሰፋ፣ ነፍሱ ተረፈች። ክንዱን የሚያዘው ነርቭ ግን ተቆርጦ ነበርና ቀኝ እጁ ከትከሻው ተንጠልጥሎ ቀረ። ጣቶቹ ትንሽ ይንቀሳቀሳሉ፤ ክንዱን ማንሳት ግን አይችልም።

ሆሳዕና ምን አለ መሰላችሁ? «ካራቴው የት ሄደ?» አለ። ሻይ ቤቱ፣ ፑል ቤቱ፣ ታክሲው ሁሉ በዚህ ሳቀ። አንዱ ደግሞ ቀበቶ ያለው ሰው እጁ ፖሊስ ጣቢያ እንደ መሣሪያ ይመዘገባል አለ፤ ሌላው ሰምቶ አወራው። የማውቀውን ፖሊስ ጠየቅኩት፤ «ሲስተር፣ እኛ ሽጉጡንም መዝግበን አልጨረስን» ብሎ ሳቀብኝ። ወሬው ግን ሥር ሰደደ። ታምራት ፈርቶ ነው፣ ምን ያድርግ፣ የሰውየው እጅና እግር መሣሪያ ነው ተባለ። ተስፋዬን ደግሞ በየመንገዱ ያመሰግኑታል። «ጨዋ ነህ፣ የራስህን ያዝክ» ይሉታል። የተወጋው መሣሪያ ተባለ፣ የወጋው ፈሪ ተባለ፣ ያስወጋው ጨዋ ተባለ።

ፍርድ ቤቱ የራሱን እያየ ሳለ የታምራት ዘመዶች ከአገራቸው መጥተው ሽማግሌ ላኩ። እርቁ የሚደረገው በአቶ ሄራሞ ግቢ ነው። አቶ ሄራሞ አካባቢው የሚያከብራቸው ሽማግሌ ናቸው፤ ክፉ ሰው አይደሉም፣ የሚያናድደኝም ይሄው ነው። ስለ ቁስሉ እንድናገር እኔም ተጠራሁ። ከዚያ በፊት ኤርሚያስን ቤቱ ሄጄ አነጋገርኩት።

«እናገራለሁ» አልኩት። «መያዝህ ነው ያስወጋህ ብዬ እናገራለሁ። ሽማግሌዎቹ አንድ ጊዜ አፋቸውን ከፍተው 'ባዶ እጁን አትያዙ፣ ስለት የያዘውን ያዙ' ቢሉ ከተማው ይሰማል። እኔ ብል ማን ይሰማኛል?»

በግራ እጁ ቀኙን አንስቶ ጭኑ ላይ አስቀመጠው።

«ተስፋዬስ?» አለኝ። «ሲስተር፣ እሱ እስከ ዛሬ ያዳነኝ ነው የሚመስለው። እኔን ሊያሳድግ ሕይወቱን የሰጠ ሰው ነው። በገዛ እጁ እንዲህ እንዳደረገኝ ከሰማ የሚኖር ይመስልዎታል?»

«ነገ ደግሞ ሌላው ወንድሙን ይይዛላ! ሌላውም ይወጋላ!»

እንድተወው ነው የፈለገው፤ እኔ ግን አልተውኩም። የሰው ሕይወት ነው ብዬ ነው፤ ዛሬም ያንኑ እላለሁ።

በእርቁ ቀን ሽማግሌዎቹ ከእንሰቱ አጠገብ አግዳሚ ላይ ተደርድረዋል። የታምራት ወገኖች በአንድ በኩል፣ የኤርሚያስ ወገኖች በሌላ በኩል። አቶ ሄራሞ መጀመሪያ በሀዲይኛ መረቁ፣ ከዚያ ለእንግዶቹ ሲሉ በአማርኛ ቀጠሉ። ተስፋዬን በስሙ ጠርተው አመሰገኑት። «እንደ ወጋችን የራሱን ስለያዘ ከዚህ የባሰ ነገር አልመጣም» አሉ። ሰዉ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ሲስተር፣ አንቺ ያየሽውን ንገሪን።»

ተነሣሁ። ክንዴን ጎኔ ላይ ለጠፍኩና «ብብቴ ይታያችኋል?» አልኳቸው። አይታይም አሉ። አጠገቤ ያለችውን ሴት እጄን አንጓው ላይ ይዛ እንድትጎትት ነገርኳት። ጎተተች። «አሁንስ?» አልኩ። አንገታቸውን አስግገው አዩ። «ይሄ ልጅ የተወጋው እጁ ተይዞ ነው። መዳፉ ላይ አንድ ጭረት የለም። ባይያዝ ኖሮ ወይ ይከላከል ነበር፣ ወይ ያመልጥ ነበር። የያዘው በክፋት አይደለም፣ በጨዋነት ነው። ግን ይሄ ጨዋነት ሰው እየጨረሰ ነው። ከጊምቢቹ ጀምሮ ሳየው ኖሬያለሁ። እባካችሁ ሽማግሌዎች፣ ከዛሬ ጀምሮ ስለት የያዘውን ያዙ በሉ።»

ተስፋዬን ላለማየት ወሰንኩ፤ ግን አየሁት። ፊቱ አመድ መስሏል። ሁለት እጆቹን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ እነሱኑ ያያል።

አቶ ሄራሞ ወደ ኤርሚያስ ዞሩ። «ልጄ፣ ሲስተር ያለችው እውነት ነው? የተወጋኸው በመያዝህ ነው?»

ኤርሚያስ ወንድሙን አየ።

«አይደለም አባባ» አለ። «የዘገየሁት እኔ ነኝ። ተስፋዬ ቢለቀኝም ይወጋኝ ነበር።»

ከታምራት ወገን አንዱ አፉን በእጁ ሸፍኖ ሳቀ። ሌላው ለጎረቤቱ ሹክ አለው፤ «ታዲያ ቀበቶውን በምን አገኘው?» ጎረቤቱም ሳቀ። ጮክ ብዬ «ይዋሻል!» አልኩ። አቶ ሄራሞ በትሕትና «ሲስተር፣ የተወጋው እሱ ነው፤ እሱን እንመን» አሉኝና አስቀመጡኝ። በኤርሚያስ ተናደድኩ፣ በሽማግሌዎቹ ተናደድኩ፣ በዚያ ከንቱ ሳቅ ተናደድኩ። አንድ ቃል ብቻ ነበር የምለምነው፤ ሳይነገር ቀረ።

ፍርዱ ተነገረ። የታምራት ወገኖች ይቅርታ ይጠይቁ፣ የተለመደውን ካሣ ይክፈሉ። ኤርሚያስ ደግሞ እጁና እግሩ መሣሪያ መሆኑን እያወቀ ሰው ፊት ስለተጠቀመበት ከእንግዲህ ካራቴ እንዳያስተምር፣ እጁንም በማንም ላይ እንዳያነሳ ይማል።

«ቀኝ እጅህን አንሳና ማል» አሉት።

ኤርሚያስ ተነሥቶ ቆመ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ይታየኛል፤ ላብ ግንባሩ ላይ ወጣ። ክንዱ ግን ከጎኑ አልተነቃነቀም። ከታምራት ወገን የመጡት አንድ ሽማግሌ «አልምልም ማለቱ ነው?» ብለው ጠየቁ። እኔ ልጮህ ከመቀመጫዬ ስነሣ ተስፋዬ ቀደመኝ። መጥቶ ከወንድሙ ጎን ቆመ፤ የቀኝ አንጓውን በሁለት እጁ ያዘና ክንዱን ወደ ላይ ዘርግቶ አነሳለት። ኤርሚያስ ማለ። ተስፋዬ እንባው እየወረደ፣ ክንዱን ከፍ አድርጎ እንደያዘ ቆየ።

አቶ ሄራሞ ደስ አላቸው። «እሰይ» አሉ፣ ወደ ሰዉ እየዞሩ፤ «ወንድም ማለት እንዲህ ነው!»